የመኪና ስሞችና የማስታወቂያ መፈክሮች ትርጉም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየመንገዱ የምናያቸው መኪናዎች ስማቸው ከላቲን፣ ከጃፓንኛ፣ ከጣሊያንኛ ወይም ከጀርመንኛ የተወሰደ በመሆኑ፣ አፋችን ቢለምደውም ፍቺውን ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ስሙም ሆነ አብሮት የሚነገረው መፈክር፣ አምራቹ ማንን ገዢ አድርጎ እንዳሰበና ለዚያ ገዢ ምን ሊነግረው እንደፈለገ የሚያሳይ ሰነድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ኮሮላ» ምን ማለት ነው?

ቃሉ የላቲን ሲሆን ትንሽ አክሊል ማለት ነው፤ በዕፅዋት ሳይንስም የአንድ አበባ ቅጠሎች ተሰብስበው የሚሠሩት ክብ በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ ብቻውን ሲታይ የአበባ ስም ይመስላል፤ ከወንድሞቹ ጋር ሲታይ ግን ሐሳቡ ግልጽ ይሆናል። ቶዮታ በ1955 «ክራውን» የተባለ ትልቅ መኪና አወጣ፤ ትርጉሙ ዘውድ ነው። በ1957 «ኮሮና» ተከተለ፤ ይህም በላቲን ዘውድ ነው። በ1966 ኮሮላ መጣ። ከዚያ በኋላ የተወለደው «ካምሪ»ም ካንሙሪ ከሚለው የጃፓንኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ እርሱም ዘውድ ማለት ነው። አራት መኪናዎች አንዱን ሐሳብ በሦስት ቋንቋዎች ተካፍለውታል ማለት ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ በዘውድና በአክሊል መካከል ያለውን ልዩነት ስለሚያውቅ የቶዮታን አሰያየም ለመረዳት አይቸገርም። ዘውድ ንጉሥ የሚደፋው ነው፤ አክሊል ግን በተክሊል የሚጋቡ ሙሽሮችም ይደፉታል። ክራውን ለባለሥልጣንና ለድርጅት ኃላፊ ታስቦ ሲሠራ፣ ኮሮላ የተሠራው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ለሚገዛ ቤተሰብ ነበር። አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው «ርካሽ መኪና» ሳይሆን «ትንሽ አክሊል» መስጠት፣ በእኔ ግምት፣ በመኪና ታሪክ ውስጥ ከታዩት አሰያየሞች ሁሉ እጅግ የታሰበበት ነው።

የኮሮላ የመጀመሪያ መፈክርም ከስሙ ጋር አንድ መንገድ የሄደ ነው። በዚያው በ1966 ከኮሮላ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኒሳን 1000 ሲሲ ሞተር ያለውን «ሳኒ» የተባለ መኪና አውጥቶ ነበር፤ ስሙንም የመረጠው ሕዝቡን አወዳድሮ ሲሆን ከ8 ሚሊዮን በላይ ጥቆማዎች ደርሰውታል። ቶዮታ የኮሮላን ሞተር 1100 ሲሲ አድርጎ «የ100 ሲሲ ትርፍ» የሚል መፈክር ይዞ ቀረበ። በጃፓንኛ የተጠቀመበት «ዮዩ» የሚለው ቃል የመጠን ብልጫን ብቻ ሳይሆን የልብ መዝናናትን፣ አለመጨናነቅንም ይገልጻል። ኒሳን በ1970 ሳኒን 1200 ሲሲ አድርጎ ሲመለስ መልሱ «የጎረቤት መኪና ትንሽ መስሎ ይታያል» የሚል ሆነ። በዚህ ምልልስ ውስጥ የሚሸጠው ሞተር ሳይሆን ከጎረቤት ጋር መመዘን ነው።

ቪትዝና ያሪስ አንድ መኪና ከሆኑ ስማቸው ለምን ተለያየ?

መኪናው በ1999 ሲወጣ ለጃፓን ገዢ ቪትዝ፣ ለአውሮፓ ገዢ ያሪስ ተባለ። ቪትዝ የተወሰደው ብልኀትንና ፈጣን አእምሮን ከሚያመለክት የጀርመንኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን የዛሬ ጀርመኖች ይህን ቃል በዕለት ንግግራቸው የሚጠቀሙበት በአብዛኛው ቀልድ ለማለት ነው። ያሪስ ግን በግሪክ አፈ ታሪክ ውስጥ የሞገስና የውበት አማልክት ከሆኑት ከካሪቶች ስም ተቀይሮ የተፈጠረ ነው። ከ2020 ጀምሮ ቶዮታ በጃፓንም ቪትዝ የሚለውን ስም ትቶ ያሪስ ማለት ጀምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይነገራሉ።

ላንድ ክሩዘር የሚለው ስም ከየት መጣ? «ቪ8»ስ የሞዴል ስም ነው?

ቶዮታ በ1951 የሠራው ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና በመጀመሪያ «ቶዮታ ጂፕ» ይባል ነበር። ጂፕ የሚለው ስም የአሜሪካው ዊሊስ ኩባንያ የንግድ ምልክት በመሆኑ ግን በ1954 መተው ነበረበት። አዲሱን ስም ያወጡት የኩባንያው የቴክኒክ ኃላፊ ሃንጂ ኡሜሃራ ሲሆኑ፣ በወቅቱ በዓይናቸው ፊት የነበረው ተፎካካሪ የእንግሊዙ ላንድ ሮቨር ነበር። ሮቨር ማለት ተንከራታች ነው፤ ክሩዘር ደግሞ ረጅም ርቀት የሚጓዝ የጦር መርከብ ነው። እንግሊዞች በየብስ የሚንከራተት ብለው የሰየሙትን፣ ጃፓኖች የየብስ መርከብ በሚል ስም ገጠሙት። ዓላማው ክብሩ ከተፎካካሪው የማያንስ ስም ማግኘት ነበር።

የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው «ፕራዶ» በስፓኒሽ መስክ ማለት ነው። «ሃይሉክስ» ከፍተኛ ምቾት የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ያጣመረ ሲሆን በ1968 ለጭነት መኪና መሰጠቱ ድፍረት ነበር።

ቪ8 ግን የሞዴል ስም አይደለም። ስምንት ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው የላቲኑን ፊደል ቪ ቅርጽ ይዘው የተደረደሩበትን ሞተር ያመለክታል። በአገራችን ግን ቃሉ ከሞተሩ ወጥቶ የባለሥልጣንና የባለሀብት መኪና መጠሪያ፣ አልፎም የሥልጣንና የቅንጦት መለኪያ ሆኗል። በ2021 የወጣው ላንድ ክሩዘር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት በመሆኑ፣ መኪናውን አይቶ ቪ8 የሚል ሰው ከእንግዲህ የሚናገረው ስለ ሞተሩ ሳይሆን በውስጡ ስለተቀመጠው ሰው ነው።

ከስሙ በኋላ የሚመጡት ፊደላት፣ ለምሳሌ «ዲኤክስ»፣ ምን ያመለክታሉ?

አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክቱት የመኪናውን የውስጥና የውጭ ዕቃዎች ደረጃ ነው። ዲኤክስ «ደሉክስ» ከሚለው ቃል አጥሮ የተጻፈ ሲሆን ምቾት ያለው፣ ከተራው ከፍ ያለ ማለት ነው። ጂኤል ደግሞ ከዲኤክስ የሚበልጥ ምቾት ያለውን ደረጃ ያሳይ ነበር። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ፦ በጃፓን የኮሮላ ዝርዝር ውስጥ ዲኤክስ ከታችኛዎቹ ደረጃዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በኢትዮጵያ ግን እነዚያ አሮጌ ኮሮላዎች ዋናውን ስማቸውን ጥለው በእነዚህ ሁለት ፊደላት ብቻ ታወቁ፤ «ዲኤክስ አለው» ሲባል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ግን በኋላ በር ላይ የተለጠፈው ፊደል በማንኛውም ጋራዥ ሊነቀልና ሊቀየር እንደሚችል አውቆ፣ ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን እንጂ ፊደሉን መነሻ አድርጎ ዋጋ መስጠት የለበትም።

ቁጥሮችስ?

የቁጥር ስሞች በመጀመሪያ የሞተሩን መጠን ይናገሩ ነበር። በአዲስ አበባ ታክሲ ሆነው ለረጅም ዘመን ያገለገሉት ትናንሾቹ ፊያቶች «ሰይቼንቶ» የተባሉት በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ስለሆነ ነው፤ በ1955 የወጣው የፊያት 600 ሞተር 633 ሲሲ ነበር። ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት የፊያት ከባድ መኪናም ስሙ ኤን የሚለው ፊደልና ትሬ፣ ማለትም ሦስት፣ ተጣምረው የተገኘ ነው። ስለዚህ የእኛ ሾፌሮች የጣሊያንን ቁጥሮች በጋራዥና በመንገድ ላይ ጠብቀው አቆይተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፔጆ ሌላ መንገድ መርጧል። በ1929 ከወጣው ከ201 ጀምሮ በሦስት አሃዝ ቁጥሮቹ መሐል ዜሮ ማድረግን ልማዱ አድርጎ፣ ይህንኑ እንደ ንግድ ምልክት አስከበረ፤ እኛ ዘንድ የሚታወቁት 404 እና 504ም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ፖርሽ በ1963 «901» የሚል መኪና ለእይታ ሲያቀርብ ፔጆ ተቃወመ፤ በዚህም ምክንያት ፖርሽ የመሐሉን ዜሮ በአንድ ተክቶ 911 አለው። ዛሬ በዓለም የታወቀው ቁጥር እንግዲህ በክስ ስጋት የተወለደ ነው።

በአንድ ቋንቋ ያማረ ስም በሌላው ነውር ሆኖ ያውቃል?

አዎ። ሚትሱቢሺ በ1982 ያወጣው «ፓጄሮ» ስሙን ያገኘው በደቡብ አሜሪካ ሜዳ ከሚኖር የዱር ድመት ነው፤ ነገር ግን ቃሉ በስፓኒሽ ከባድ የብልግና ስድብ በመሆኑ፣ ስፓኒሽ በሚነገርባቸው አገሮች መኪናው «ሞንቴሮ» ተባለ፤ ይህም የተራራ አዳኝ እንደማለት ነው። የሶቪየት ኅብረቱ «ዢጉሊ» በቮልጋ ወንዝ ዳር ካሉ ኮረብቶች ስም የተሰየመ ቢሆንም፣ በምዕራብ አውሮፓ ጆሮ በሴት ገንዘብ የሚኖር ወንድን ከሚገልጽ ቃል ጋር ስለተመሳሰለ፣ ወደ ውጭ ሲላክ «ላዳ» ተብሏል። ላዳ ከጥንታዊ የስላቭ ጀልባ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ በመኪናው ግንባር ላይ ያለው ምልክትም ሸራ የተዘረጋባት ጀልባ ናት። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብተው የአዲስ አበባን ሰው ለአሥርት ዓመታት ያመላለሱት ላዳዎች ይህችን ጀልባ በግንባራቸው ይዘው ነበር።

በአንጻሩ በሰፊው የሚነገር፣ ነገር ግን ሐሰት የሆነ ታሪክ አለ። «ሼቭሮሌት ኖቫ» ስሙ «ኖ ቫ» ተብሎ ለሁለት ሲከፈል በስፓኒሽ «አይሄድም» የሚል ስለሚመስል በላቲን አሜሪካ ገዢ አጣ ይባላል። እውነቱ ግን መኪናው በሜክሲኮና በቬኔዙዌላ በሚገባ ተሸጧል፤ የሜክሲኮ መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ እንኳ ኖቫ የሚል ስም ያለው ቤንዚን ይሸጥ ነበር። ቃሉ አንድ ሆኖ ሲነገር ተናጋሪው የሚሰማው አዲስ ኮከብን ነው።

የሰው ስም የሆኑት የትኞቹ ናቸው?

መርሰዲስ የነጋዴው የኤሚል የሊኔክ ልጅ ስም ነው፤ በስፓኒሽ ከምሕረት ጋር ይያያዛል። ኦዲ ደግሞ የተሰወረ የሰው ስም ነው፤ አውጉስት ሆርሽ ራሱ ከመሠረተው ኩባንያ በ1909 ከወጣ በኋላ በገዛ ስሙ እንዳይነግድ ስለተከለከለ፣ በጀርመንኛ «ስማ» ማለት የሆነውን ስሙን ወደ ላቲን መልሶ ኦዲ አለው። ፎርድ በ1957 «ኤድሰል» የተባለ መኪና ከማውጣቱ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞችን አሰባስቦ፣ ገጣሚዋን ማሪያን ሙርን ሳይቀር ምክር ጠይቆ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሁሉንም ትቶ የመሥራቹን ልጅ ስም ሰጠው። መኪናው ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። ጥፋቱን በስሙ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይደለም፤ ዋጋው፣ የጥራት ጉድለቱና በወቅቱ የነበረው የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ሁሉ አስተዋጽኦ ነበራቸው።

መፈክር የመኪና ስም ሆኖ ያውቃል?

ሆኖ ያውቃል፤ ይህም የቮልስዋገን ታሪክ ነው። ቮልስዋገን የሕዝብ መኪና ማለት ሲሆን፣ እኛ «ቮልስ» ብለን ስናሳጥረው ሳናውቀው መኪና የሚለውን ትተን ሕዝብ የሚለውን አስቀርተናል። የናዚ መንግሥት በ1938 የፋብሪካውን የመሠረት ድንጋይ ሲያስቀምጥ ግን መኪናው የተሰጠው ስም «ካዴኤፍ ቫገን» ነበር። ካዴኤፍ የሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ሲሆኑ «በደስታ ብርታት» የሚለው የአገዛዙ የመዝናኛ ድርጅት መፈክርና መጠሪያ ነው። ሠራተኛው በየሳምንቱ ቢያንስ አምስት ማርክ እየከፈለ ቴምብር በደብተር ላይ እንዲለጥፍና 990 ማርክ ሲሞላለት መኪናውን እንዲረከብ ቃል ተገባለት። 336,000 ያህል ሰዎች ከፈሉ። ጦርነቱ ሲነሳ ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ ማምረት ጀመረ፤ ከከፋዮቹም አንድ ሰው እንኳ በዚያ ዕቅድ መኪና አልተረከበም። ከሕዝብ ላይ ገንዘብ የሰበሰበው መኪናው ሳይሆን መፈክሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ያው መኪና በ1959 አሜሪካ ውስጥ በሌላ መፈክር ታየ። ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው የኒውዮርክ የማስታወቂያ ድርጅት ከመሥራቾቹ መካከል አይሁዳውያን ነበሩበት፤ ከጦርነቱ ማብቂያ ገና 14 ዓመት ብቻ አልፎ ሳለ ይህን መኪና ለአሜሪካዊ መሸጥ ቀላል ሥራ አልነበረም። የዘመኑ የአሜሪካ መኪናዎች ረጃጅሞችና ክንፍ የተቀጠለላቸው ነበሩ፤ ማስታወቂያዎቻቸውም ገጹን በቀለም ይሞሉታል። ሄልሙት ክሮን የተባለው ንድፍ አውጪና ጁሊያን ኬኒግ የተባለው ጸሐፊ ግን ባዶ ነጭ ገጽ ላይ እጅግ ትንሽ የሆነች ቮልስ አስቀምጠው ከሥሯ «ትንሽ አስቡ» ብለው ጻፉ። አሜሪካዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ትልቅ አስብ ሲባል ያደገ ስለሆነ፣ መፈክሩ የለመደውን ምክር ገልብጦ አቀረበለት። አድቨርታይዚንግ ኤጅ የተባለው መጽሔት በ1999 ይህን ዘመቻ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አንደኛ ብሎታል። እኔም በዚህ ፍርድ እስማማለሁ፤ ምክንያቱም መኪናው በእርግጥ ትንሽ ነበር፣ መፈክሩም ያንኑ አልደበቀም።

መፈክር ወደ አማርኛ መተርጎም ለምን ያስቸግራል?

የመጀመሪያው ችግር የአማርኛ ግስ ራሱ ነው። እንግሊዝኛ «አስብ» ሲል ለማን እንደሚናገር መወሰን አይጠበቅበትም፤ አማርኛ ግን አስብ፣ አስቢ፣ ያስቡ ወይም አስቡ ብሎ ጾታን፣ ቁጥርንና አክብሮትን መምረጥ ግዴታው ነው። አንዲት ቃል ስትመረጥ ከገዢዎቹ ግማሹ ሊቀር፣ ወይም አንቱ መባል የሚገባው ሰው አንተ ተብሎ ሊከፋ ይችላል። አስተዋይ ጸሐፊዎች ስለዚህ ትእዛዙን ትተው «የእርስዎ» ወይም «የሁላችን» በሚል መንገድ ይጽፉታል።

ሁለተኛው ችግር ባህል ነው። ያው የቮልስዋገን ዘመቻ በ1960 «ሎሚ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ርዕስ ያደረገ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ በአሜሪካ ሎሚ የሚባለው ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ችግር የማይጠፋው መኪና ነው። በማስታወቂያው ላይ የታየችው መኪና በዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ጌጥ ላይ እንከን ስለተገኘባት በተቆጣጣሪ የተመለሰች ነበረች፤ ፋብሪካው እንዲህ ዓይነቶቹን ለቅሞ እንደሚያስቀርም ጽሑፉ ያስረዳል። ይህንኑ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብናመጣው፣ በጥምቀት ዕለት ወጣት ለወደዳት ልጅ ሎሚ በሚወረውርበት አገር አንባቢው የሚያስበው ፍቅርን እንጂ ብልሽትን አይሆንም።

ስለዚህም ይመስላል አንዳንዶች አለመተርጎምን የመረጡት። የኦዲ «ፎርሽፕሩንግ ዱርሽ ቴክኒክ» በቴክኒክ ቀድሞ መገኘት ማለት ሲሆን፣ በ1971 ለጀርመን ገበያ ተጽፎ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ብሪታንያ ውስጥ ሳይተረጎም ቀርቧል። አድማጩ ቃሉን ባይረዳም ጀርመንኛ መሆኑን ይለያል፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር።

እኛ ራሳችን ለመኪናዎች ያወጣናቸው ስሞች ትርጉማቸው ምንድን ነው?

ፋብሪካው ስም የሚሰጠው ለመሸጥ ነው፤ መንገደኛ ግን ያየውንና የደረሰበትን ይሰይማል። «ውይይት» የሚባሉት ታክሲዎች የጭነት ክፍላቸው አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ፒክአፖች ሲሆኑ፣ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት እየተያዩ ስለሚቀመጡ ይህን ስም አገኙ፤ በአብዮቱ ዘመን የውይይት መድረክ የየቀበሌው ግዴታ ስለነበር ስሙ የዘመኑን ማኅተም ይዟል። «ቅጥቅጥ» በአይሱዙ የጭነት መኪና ላይ አካሉ በአገር ውስጥ ተቀጥቅጦ የተሠራለት አውቶቡስ ነው። ቶዮታ ሃይኤስ ግንባሩ ወደፊት ስለሾለ «ዶልፊን» ተባለ፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ «አባዱላ» የሚለውን የታዋቂ ፖለቲከኛ ስም ወሰደ፤ ቃሉ በኦሮምኛ የጦር መሪ ማለት ነው። «ባጃጅ» የአንድ የሕንድ ኩባንያ መሥራች ቤተሰብ ስም ሲሆን እኛ ዘንድ የባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ኩባንያው ከ1989 ጀምሮ በሕንድ ቴሌቪዥን ሲያሰማው የነበረው መፈክር «የኛ ባጃጅ» የሚል ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው የአይሱዙ ነው። አይሱዙ ጃፓን ውስጥ በታላቁ የኢሴ ቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚፈስ ወንዝ ስም ነው፤ ተሳላሚዎች ወደ መቅደሱ ከመግባታቸው በፊት በውኃው እጃቸውን ይታጠባሉ። ይህን የመንጻት ወንዝ ስም የተሸከመው የጭነት መኪና በእኛ አውራ ጎዳናዎች ላይ ካደረሰው የሕይወት ጥፋት የተነሳ በሕዝቡ «አልቃይዳ» ተባለ። የቻይናው ሲኖትራክም በተመሳሳይ ምክንያት «ቀይ ሽብር» ተብሏል። እነዚህን ስሞች የትራፊክ አደጋ ሪፖርት አድርጎ ማንበብ ይቻላል፤ ለፍጥነት፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለመጥፎ መንገድ ሕዝቡ የሰጠው ምስክርነት ነውና።

በአገር ውስጥ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር ለሞዴሎቹ «አባይ» እና «አዋሽ» የሚሉ የወንዞቻችንን ስሞች መስጠቱም ሊታወስ ይገባዋል።

የኤሌክትሪክ መኪናዎች ስምስ?

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ጥያቄ በርክቷል። የቶዮታ «ቢዚ» ከዜሮ ማለፍ የሚሉ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ሲሆን ዜሮው የጭስ ልቀትን ያመለክታል። በቮልስዋገን «አይዲ» ውስጥ ማንነት የሚለው ቃል አለበት። የቻይናው ቢዋይዲ ሞዴሎቹን በሁለት ቤተሰብ ከፍሏል፦ «ሀን»፣ «ታንግ» እና «ሶንግ» የቻይና ነገሥታት ሥርወ መንግሥታት ሲሆኑ፣ «ሲጋል» እና «ዶልፊን» የባሕር ወፍና የባሕር እንስሳ ናቸው። በዚህም የተነሳ ዶልፊን የሚለው ስም ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ መኪናዎችን ይጠራል፤ አንዱን ሕዝቡ ሰየመው፣ ሌላውን ፋብሪካው።

ቢዋይዲ የሚሉት ሦስት ፊደላት ራሳቸው የተገኙት ከኩባንያው የቻይንኛ ስም ነው። «ሕልምህን ገንባ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፍቺ በኋላ በፊደላቱ ልክ የተሰፋ መፈክር ሲሆን፣ ለዓመታት በመኪናዎቹ የኋላ በር ላይ ሙሉ ቃሉ ተጽፎ ይታይ ነበር። በቅርቡ ግን ኩባንያው ቃላቱን እያነሳ ሦስቱን ፊደላት ብቻ ማስቀረት ጀምሯል።